ዝግባው ውስጥ ያየነው ቢጫ ነገር

ሜይ 8
ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ነፋሱ ከደቡብ ነው፤ ሐይቁን የሚሻገሩት ትንንሽ ዘማሪ ወፎች ነገ እዚህ ያርፋሉ ማለት ነው። የጎረቤቴን የኖርማን በር አንኳኳሁ። ባሏ በገና ሰሞን ከሞተ ወዲህ ከቤት አልወጣችም።
«ነገ ማለዳ ወፎቹን ልናይ እንሄዳለን» አልኳት።
«ጉልበቴ እኮ...»
«ይዘሽው ነይ።»
ሳቀች መሰለኝ። ወይስ አሳላት?

ሜይ 9
ሄድን። ዛፉ ሁሉ ወፍ። ሲበሩ አድረው ደክሟቸው፣ እጅ ቢዘረጉ የሚነኩ። ብርቱካናማ ጉሮሮ፣ ጥቁር ኮፍያ... አርባ ዓመት አይቻቸው ዛሬም ስማቸው ይምታታብኛል።
ድንገት ኖርማ ክንዴን ጨመቀችኝ። «ያቻት፣ ዝግባው ውስጥ። ጅራቷን የምትነቀንቀው።» አየሁ። ቢጫ ነገር። ቅጠል ይሆን?
«ኪርትላንድ የምትባለዋ ወፍ እኮ ናት። ዕድሜ ልኬን የፈለግኳት። አየሻት አይደል?»
እዚህ አገር በስንት ዓመት አንዴ ብትታይ ነው። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ለምን ነቀነቅኩ? ፊቷ እንዲያ በርቶ ካየሁት ስንት ጊዜዬ...
ወዲያው ወፍ ሊያይ የመጣ አርባ ሰው ተሰበሰበ። ወፏ የለችም። ኖርማን ግን እየተቀባበሉ አቀፏት።

ሜይ 11
የወፍ ተመልካቾች ክበባችን መዝገብ ያዥ ዲርክ ደወለ። «ፎቶ ስለሌለ ያያችሁትን ለየብቻ ጻፉልኝ። እንዳትመካከሩ ደግሞ።»
ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ጀርባዋ ግራጫ ነበር? ግራጫውን ያየሁት ዝግባው ላይ ነው ወይስ መጽሐፍ ላይ? ባሰብኩ ቁጥር ወፏ እየደመቀች ትመጣለች። አሁንማ ጅራቷም ይወዛወዛል።

ሜይ 12
ኖርማ ኬክ ጋግራ መጣች። የባሏን የሩቅ ማያ መነጽር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ። ስለ ወረቀቱ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። ስለ አየሩ አወራን።

ሜይ 13
ጻፍኩ። «ቢጫ ነገር አየሁ። ወፍ መሆኑንም አላውቅም። ኖርማ ግን አይታታለች። እሷ አትዋሽም።»
ፖስታ ቤት ድረስ ሄጄ ሁለቴ ተመለስኩ። በሦስተኛው ላክሁት። ከዳኋት? ወይስ የከዳኋት ያኔ፣ ራሴን ስነቀንቅ?

ሜይ 17
ዲርክ ደወለ። «የኖርማን ወረቀት ላንብብልሽ» አለ። «ጅራት የሚነቀንቅ ነገር አየሁ፤ ዓይኔ ግን ደክሟል። ጓደኛዬ አረጋግጣልኛለች። እሷ ያላየችውን አየሁ አትልም።»
«ታዲያ ማን አያት?» አለ ዲርክ።
ወፏ ከመዝገብ ወጣች። ኖርማ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ሄድኩ። በሯ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት።
«አላየሽም?»
«አላየሁም።»
«እና ለምን ራስሽን ነቀነቅሽ?»
«ደስ ብሎሽ ነበር።»
አየችኝ። በሩን ዘጋችው... ቀስ ብላ። ተቆጥታ ነው? አልቅሳ? ምንም አልገባኝም።

ሜይ 19
ጠዋት አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። በረዶው ከጣለ ወዲህ ያልተነሳችው መኪናዋም ግቢ ውስጥ የለችም። ደነገጥኩ። በየት በየት ፈለግኳት... መጨረሻ ላይ ሐይቁ ዳር። ብቻዋን ነድታ መጥታለች። የማላውቃቸው ባልና ሚስት አጠገቧ ቆመዋል፤ የሆነ ቅርንጫፍ ታሳያቸዋለች።
«እኔ እርግጠኛ አይደለሁም» ስትላቸው ሰማሁ። «እስቲ እናንተም እዩት።»
ወደ እኔ አልዞረችም። ብቻ ጠጋ አለችልኝ፣ አንድ ሰው የሚያቆም ያህል። ገብቼ ቆምኩ።