ስለ በግ መንከሪያው ሞዴልና ስለ ሸዋረጋ እንዝርት

ለተከበሩ የደጋ በጎች ጤና ፕሮጀክት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እጅዎ እንዳይንቀጠቀጥ፣ ዓይንዎ እንዳይደበዝዝ፣ ትንፋሽዎም እንዳያጥርብዎ ከልብ እመኛለሁ። ጤናን እንዲህ እየዘረዘሩ መመኘት ልማዴ አልነበረም፤ ሦስቱም በአንድ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴን ወይዘሮ ሸዋረጋን ሲይዟት ካየሁ ወዲህ ግን «ደኅና ይሁኑ» ማለት ብቻውን አልበቃ ብሎኛል።

እኔ በዘመሮ ኬሚስትሪና ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ቀደም ሲል ለጻፍኩት ደብዳቤ «አስተያየትዎ ተመዝግቧል» የሚል ምላሽ በማግኘቴ እጅግ ተከብሬአለሁ። ሆኖም በመጪው ሳምንት በጎቻችን ለሁለተኛ ዙር በእከክ መድኃኒቱ ገንዳ እንደሚነከሩ ስለ ተነገረን፣ ጉዳዩ ከመዝገብዎ ወጥቶ ሰው እንዲያነበው በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

፩ኛ. ከመጀመሪያው ዙር በፊት ስላደላችሁን በራሪ ጽሑፍ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። መድኃኒቱ ወደ ሰው ገላ ከገባ በነርቭ ላይ የሚሠራ አንድ ኢንዛይም እንደሚያስር በግልጽ ተጽፎበታል። የኢንዛይሙ ሥራ ነርቭ ለጡንቻ ያደረሰውን ትእዛዝ «በቃ» ብሎ ማስቆም ነው፤ እሱ ሲታሰር ጡንቻው የሚያስቆመው አጥቶ ይንቀጠቀጣል፤ ምራቅና ላብ ይወርዳል፤ በመጨረሻም ትንፋሽ ይቸግራል። ቀጥሎም ገላ አዲስ ኢንዛይም በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠራ በሒሳብ ሞዴል ተሰልቶ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጉድለቱ እንደሚሞላ የሚያሳይ ኩርባ ተስሏል። እኔ በሰሌዳ ላይ እንዲህ ያለ ለስላሳ ኩርባ ስዬ አላውቅም። ቀመሩንም ራሴ ሠርቼ አይቼዋለሁ፤ ስሕተት የለበትም።

፪ኛ. ስሕተት የሌለበት ቀመር ግን ከአንድ ግምት ይነሳል፤ ይኸውም መርዙ ወደ ሰው የሚገባው በጎቹ በሚነከሩበት ዕለት ብቻ ነው የሚል ነው። ሞዴሉን የሠሩት ሊቃውንት በግን የሚያውቁት በሥጋው ስለሚመስለኝ አልወቅሳቸውም። በእኛ በመንዝ ግን በግ ጠጉርም አለው። ከተነከረ በኋላ ይሸለታል፤ ሴቶቻችንም ጠጉሩን ሳያጥቡ ይፈትሉታል፤ ቅባቱ ክሩን ያያይዛልና። ጣታቸውንም በምላሳቸው እያራሱ ነው የሚፈትሉት። ከዚያ ባና ይሆንና ልጅ አዋቂው ተሸፍኖት ያድራል። እንግዲህ እናንተ አንድ ጊዜ የገባ ያላችሁት መርዝ በየቀኑ በጣትና በምላስ ይገባል ማለት ነው።

ነገሩን በሰሌዳ ሳይሆን በጓሳ ላስረዳ። አባቶቻችን ሣሩ እንዲያገግም የጋራ ግጦሻችንን ጓሳን ይዘጉ ነበር፤ የሚከፈትበትንም ጊዜ የሚቆጥሩት ከተዘጋበት ቀን ጀምረው ነው። በየዕለቱ በግ እያስገባ «ጓሳ ከተዘጋ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ሣሩ ደርሷል» የሚል ሰው ቢገኝ ግን በሽማግሌ ፊት ይሳቅበት ነበር። የእርስዎ ሞዴል ይህንኑ ብሎ በቀለም ታትሟል።

፫ኛ. ይህንን ፕሮጀክትዎ በጠራን ስብሰባ ላይ ባነሳ፣ የቀድሞ ተማሪዬ የነበረው ባለሙያዎ አቶ ምስክር «ጋሼ፣ ሞዴሉ እኮ በኮምፒውተር ነው የተሠራው» ሲል በትሕትና አረጋጋኝ። በግ ከነጠጉሩ እንደሚፈጠር ለኮምፒውተሩ የነገረው ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ስብሰባው ለምሳ ተበተነ። ምሳው ጥሩ እንደነበር ሰምቻለሁ።

፬ኛ. ሸዋረጋ እንዝርቷን ይዛ እንደተቀመጠች ነበር የወደቀችው። በዘመሮ ብርድ ላብ አጥምቋት፣ የዓይኗ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሎ፣ አፏ አረፋ ሞልቶ ነበር። ሐኪሙ ደግ ሰው ስለሆነ ፈጥኖ የመርዙን ማርከሻ ወጋት፤ ተርፋለች። ደሟ ሲመረመር ግን ያ ኢንዛይም ከሚገባው ከሩብ በታች ሆኖ ተገኘ። ይህም የሆነው በራሪ ጽሑፍዎ «ሙሉ በሙሉ አገግሟል» ካለበት ቀን በኋላ ነው። የኩርባውን ቅጂ ለሐኪሙ ባሳየው፣ አየኝና አጠፈው።

ጎረቤቶቼን እንዳይፈትሉ ለመንኳቸው። ወይዘሮ ቦጋለች «ጋሼ መምህር፣ ልጆቼን እንግዲህ ቁጥር ላልብሳቸው? መንግሥት አይጎዳም ያለውን እርስዎ ማን ሆነው ነው የሚከለክሉ!» አሉኝና ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። የሳቁት በእኔ ቢሆን ግድ የለኝም። ሲስቁ ግን የቦጋለች የዓይን ቆብ ሲርገበገብ አየሁ፤ ሸዋረጋንም የጀመራት እንደዚያ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ ቀልድ አልችልም፤ ፈርቻለሁ። መርዙ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይገባል ብዬ ያንኑ ቀመራችሁን እንደገና ብሠራው፣ ኩርባው ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ከታች ይጋደማል። ሁለተኛው ዙር ሲጨመርበት ደግሞ የሚወርድበትን ስፍራ በወረቀት ላይ ማስፈር አቅቶኛል፤ በዚያ ስፍራ ላይ የማውቃቸው ሴቶች አሉና። ደጋግሜ ሠራሁት፤ ስሕተት አጥቼበታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስሕተት በቀይ ቀለም ሳሰምር ኖሬ፣ ዛሬ በእኔው ሥራ ላይ አንድ ቀይ መስመር የሚያሰምርልኝ ሰው እለምናለሁ። ያ ሰው እርስዎ ቢሆኑ እጅዎን እስማለሁ።

ስሕተት የማያገኙበት ከሆነ ግን ሁለተኛው ዙር ይቁም፤ የሚፈትሉት ሴቶች ሁሉ ደም ይመርመር፤ «ጠጉሩን አትንኩ» የሚለውም ቃል ከእርስዎ ይውጣ፤ ከእኔ ሲወጣ ይሳቅበታልና።

ለሰፊው ትዕግሥትዎ፣ ለማያልቀው ስብሰባዎና ለማይሳሳተው ኮምፒውተርዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ጣቶቼ ገና ብዕር መያዝ በሚችሉበት በዚህ ሰዓት ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እነሳለሁ።

ወንዳፈራሁ ቢያድግልኝ
ጡረተኛ መምህር፣ ዘመሮ

ማስታወሻ፦ ሸዋረጋ ከመውደቋ በፊት ከመጀመሪያው ዙር ጠጉር ፈትላ ያሠራችው አንድ ባና በእጃችን ይገኛል። አልታጠበም፤ በራሪ ጽሑፍዎም እንደማይጎዳ ያረጋግጣል። ብርዱ ስለ በረታ ለልጆችዎ አልጋ ይሆን ዘንድ ልንልክልዎ አስበን፣ ፈቃድዎን ሳንጠይቅ እንዳይሆን ብለን ቆይተናል። ይላኩልኝ ካሉ በማግስቱ ይደርስዎታል። የሚያመነቱ ከሆነ ግን እባክዎ በመጪው ሳምንት በጎቹን አይንከሩብን።