ኮሌታው ውስጥ የቀረችው ስባሪ

ሰኞ
ጥርሴ ውስጥ ብረት አለ። ዛሬ ቡታጅራ ራጅ ተነሥቼ አየኋት፤ እንደ ፀጉር የቀጠነች፣ ሥሩ ውስጥ ተሰክታለች። ራጅ ያነሣኝ ሰውዬ "ማን ነው የሠራልሽ?" አለኝ። "ወልቂጤ፣ ከልብስ ስፌት ሱቄ ፊት ለፊት ያለው የጥርስ ዶክተር" አልኩት። ከንፈሩን መጠጠ። ሁለት ወር ሙሉ ጉንጬን ይዤ የሰፋሁት ለካ በዚህ ነው።

ማክሰኞ
ዶክተሩ ጋ ሄድኩ። ራጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። የጥርሴን ሥር ሲያጸዳ ማጽጃዋ መርፌ ተሰብራ እንደቀረች አመነ።
"መቼ ነው ያወቁት?"
"ያኑ ለታ፣ ስትሰበር።"
"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"
"እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።"
አይ ሰው! ሞልቶ፣ ዘግቶ፣ እግዜር ይማርሽ ብሎ ሸኝቶኝ። ስባሪዋ አንዳንዴ ምንም አታደርግም ይለኛል ደግሞ። ለሱማ ምን ታደርገዋለች። አገና ከተማ ስፌት ያስተማሩኝ ሴትዮ፣ መርፌ ከተሰበረ ስባሪዋ ሳትገኝ ልብሱን ለባለቤቱ አያሰጡንም ነበር። ያውም ለጨርቅ።

ረቡዕ
ዶክተሩ ባለፈው ሳምንት ያዘዘኝን ነጭ ጋዋን እየሰፋሁ ነው። ኮሌታው ላይ ስደርስ መርፌዬ ተሰበረች። ማርያምን፣ ሆን ብዬ አልሰበርኳትም። ጫፏን አገኘኋት። መዳፌ ላይ አድርጌ አየኋት። ከዚያ መልሼ ኮሌታው ውስጥ ከተትኳትና ሰፋሁባት። እሱም ይወጋው፣ ምን እንደሆነ ይጥፋው። ምሳዬን በደህናው ጎን አኘክሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ጣፈጠኝ።

ሐሙስ
ጋዋኑን ወሰደ። መስታወቴ ፊት ዞር ዞር አለና "እጅሽ ይባረክ" አለኝ። አሜን አልኩ። ከሱቄ በር ሆኜ ሳየው ዋልኩ። ሁለት ጊዜ አንገቱን አሸ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

ዓርብ
ጎረቤቴ እትዬ ሙሉ ዚፕ ሊያስቀይሩ መጡ። ልጆቻቸውን ያሳደጉት የሰው ልብስ እያጠቡ ነው፤ ጣታቸው በበረኪና ተሰነጣጥቋል። "ነገ ደግሞ የዶክተሩን ጋዋኖች አጥባለሁ" አሉ። ኮሌታ እንዴት እንደሚያሹ አውቃለሁ። በሁለት አውራ ጣታቸው ነው። ዚፑን ሦስት ጊዜ አጣመምኩት።

ቅዳሜ
እትዬ ሙሉን ቀድሜ ክሊኒኩ ደረስኩ። "ጋዋኑን ያውልቁት፤ ኮሌታው ውስጥ የመርፌ ስባሪ አለች" አልኩት። እጁ ወደ አንገቱ ሄደ።
"መቼ ነው ያወቅሽው?"
"ስትሰበር።"
"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"
"እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።"
በበሽተኛው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። እኔ ቆሜ ኮሌታውን ተረተርኩና ስባሪዋን አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኳት። በጣቱ ገልበጥ አድርጎ አያት። ከዚያ "ይቅር በይኝ" አለኝ፤ ማክሰኞ ሊለኝ ይገባ የነበረውን። ሰኞ አዲስ አበባ፣ ጥርስ ውስጥ የቀረ ስባሪ የሚያወጣ ሐኪም ዘንድ ራሱ ሊወስደኝ ነው። ትወጣ እንደሆነ ብጠይቀው "አላውቅም" አለ። ቢያንስ ነገረኝ። ኮሌታውን መልሼ ሰፋሁለት። የሱ ስባሪ ግን አሁንም ጥርሴ ውስጥ ናት።