ቀይ መስመርና የዲመካ ፍየል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2015
እውነታዎቹ በቅደም ተከተላቸው፦
መስከረም 20፤ ፕሮግራም የምጽፍበትን ቋንቋ አዲስ እትም ጫንኩ።
መስከረም 24፤ ኮዱን የምጽፍበትንና ስህተት የሚጠቁመኝን ኮድ ኤዲተርም ለማደስ ሞከርኩ። የጂንካ ኔትወርክ ግን ከመንገድ አስቀረው።
ጥቅምት 7፤ የቋንቋውን አዲስ ትእዛዝ ተጠቀምኩ። ፕሮግራሙ ያለ እንከን ይሠራል። ያልታደሰው ኤዲተር ግን ትእዛዙን ስለማያውቀው «ስህተት» እያለ በቀይ ያሰምርበታል።
አሳሳቢ አይደለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9
አሳሳቢ ነው። ኃላፊያችን ወይዘሮ አስካል የጻፍኩትን የእንስሳት ክትባት መመዝገቢያ ፕሮግራም ሊያጸድቁ መጡ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። ቀይ መስመር ሲያዩ...
«ይኼ ምንድን ነው፣ ኤልያብ?»
«ስህተት አይደለም፣ ቲቸር። ኤዲተሩ አዲሱን ትእዛዝ ስለማያውቀው ነው።»
«ተማሪዎቼም ‹መልሱ ልክ ነው፤ መምህሯ ናት የማታውቀው› ይሉ ነበር።»
አልፈረሙም። ክትባቱ በመጪው ማክሰኞ ዲመካ ገበያ ላይ ይጀመራል። ፊርማ ከሌለ እንደ አምናው በወረቀት ሊሆን ነው።
ከብቶቹን የሚከትበው ቦሼ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ኢንጂነር፣ አምና ወረቀቱ ተምታቶብኝ አንዷን ላም ሁለቴ ወጋኋት። ባለቤቷ እኔን ሊወጋኝ ምንም አልቀረው!» አለ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 11
ምልክቱን ማጥፋት? አይሆንም፤ እውነተኛው ስህተትም አብሮ ይደበቃል። ትእዛዙን አውጥቼ በአሮጌው አጻጻፍ ተካሁት። ረዘመ... ተጠላለፈ... ቀዩ ግን ጠፋ። ኤዲተሩ ረካ።
ለሙከራ አንዲት ፍየል አስገባሁ።
በሬ ብሎ መዘገባት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 14
ሁለቱንም ቅጂ፣ ባለ ቀዩንና ንጹሑን፣ ለወይዘሮ አስካል አቀረብኩ። ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? በሁለቱም ላይ ፍየል አስገባሁ። ንጹሑ፦ በሬ። ባለ ቀዩ፦ ፍየል።
መነጽራቸውን አወለቁ።
«ቲቸር፣ ያንን በሬ እኔ አልይዘውም፤ ጢም አለው!» አለ ቦሼ።
«አንተ ዝም በል!»
ከዚያ ቀስ ብለው... «ለካ አራሚም ይወድቃል።»
ፈረሙ። በቀይ እስክሪብቶ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 15
ዲመካ። ሁለቴ የተወጋች ላም የለችም። ቦሼም አልተወጋም።

ሰኞ፣ ኅዳር 5
ኔትወርኩ ተሻለ። ኤዲተሩ ታደሰ። ከኮዱ አንድ ፊደል ሳልነካ ቀዩ በሙሉ ጠፋ። ወይዘሮ አስካል ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን መረመሩ።
«ቀዩ የት ሄደ?»
«ጠፋ፣ ቲቸር።»
«ምን ነካካህበት? ደህና ይሠራ የነበረውን! በል፣ ፍየሏን አስገባ።»
አስገባሁ። ፍየል አለ።
«ድገም።»
ደገምኩ።
ስለ ኤዲተሩ መታደስ ለማስረዳት አልሞከርኩም።