ግራውን አስቀድመው የኖሩት የአቶ ካዚሚር ብሮዳ የሕይወት ታሪክ

አቶ ካዚሚር ብሮዳ ከአባታቸው ከአቶ ቫለንቲ ብሮዳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ያድቪጋ ሱሮቭካ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 1941 በአሜሪካ በኢሪ ከተማ ምሥራቅ ሰፈር፣ ከወደቡ በላይ ባለችው ቢጫ ቤት ተወለዱ። ከተጠበቁበት ቀን ሦስት ሳምንት ቀድመው ነበር የመጡት። እናታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ «ካዝ ሲወለድ አላለቀሰም፤ በሩ የት እንደሆነ ነው የፈለገው» ይሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰበካው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በዚያ ትምህርት ቤት ግራኝ ተማሪ አልነበረም፤ ግራኝ ሆኖ የገባም ቢኖር በሁለተኛው ሳምንት በመነኩሲቷ ማስመሪያ ቀኝ ሆኖ ይወጣ ነበር። ይህን የምናነሳው ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸው ወቅት በሞላላው ኳስ፣ ማለትም በአሜሪካ እግር ኳስ፣ ቡድን ውስጥ ግራ መካች ሆነው ተጫውተዋል። ኳስ ወርዋሪ ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ሲስብ ጀርባው የሚቀረው ወደ ግራ ነው፤ በዚያ በማያየው ጎኑ የሚመጣበትን ሰው መግታት የግራ መካች ሥራ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ በአቶ ካዚሚር በኩል ማንም አላለፈም፤ ስማቸውንም ማንም አላወቀም። የከተማው ጋዜጣ አንድ ጊዜ ጠቅሷቸው ነበር፤ «ባሮዳ» ብሎ።

በ1959 ትምህርታቸውን አጠናቀው በባቡር መሥሪያ ፋብሪካ በብየዳ ሥራ ተቀጠሩ። በ1966 ከወይዘሮ ዴሎረስ ኩዛክ ጋር በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። የተዋወቁት በፋሲካ ማግስት፣ ሰፈሩ ውሃ በሚረጫጭበት ቀን ነው። ሌላው ሰው በጣቱ ሲረጭ አቶ ካዚሚር ባልዲውን እንዳለ ደፉባቸው። ለጫጉላ ወደ ናያጋራ ፏፏቴ ሄደው ፏፏቴውን አራት ደቂቃ ካዩ በኋላ «ሌላስ ምን አለ?» ብለው እንደጠየቁ ባለቤታቸው ያስታውሳሉ። ማርሴላ እና ጀራርድ የተባሉ ሁለት ልጆችን አፍርተዋል።

በየዓመቱ በጸደይ የአገሪቱ ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ተጫዋቾች ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ይበልጥ የተሸነፈ ይቀድማል። ይህ ምርጫ ድራፍት ይባላል። ድራፍት ሲባል የሚጠጣው የመጣበት ሐዘንተኛ ቢኖር አልተሳሳተም፤ በእኛ ሰፈር ሁለቱም የሚካሄዱት በአንድ ቤት ነው። አቶ ካዚሚር ድራፍቱ በቀረበ ቁጥር ለከተማችን ቡድን ለመልሕቆች ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ዘጠኝ ዓመት የጻፉት ደብዳቤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ግራውን ሳትዘጉ ቀኙን አታስጊጡ።» የቡድኑ ባለቤት አቶ ሃድሊ ክሩ በ1968 ተጫዋች መልማይ አድርገው ቀጠሯቸው። የተቀጠሩት በችሎታቸው ነው ወይስ ደብዳቤው እንዲቆም የሚለው እስካሁን አልተለየም።

ከዚያ በኋላ በየዩኒቨርሲቲው ሜዳ ዳር ቆመው የልጆች እግር ሲያዩ ኖሩ። ፊት አያዩም ነበር፤ የገዛ ልጃቸውን እጮኛ ሁለት ጊዜ ተዋውቀውታል።

በሜይ 1984 መልሕቆች ሁለተኛ ተራ ደረሳቸው፤ ለመወሰን የተሰጣቸው ጊዜ አሥራ አምስት ደቂቃ ነበር። አሰልጣኙ በርት ሃንራቲ የተወረወረውን ኳስ ሮጦ የሚይዝ ፈጣን ቀላቢ ፈለጉ።

«ሰው ትኬት የሚገዛው ቀላቢ ሊያይ ነው ካዝ። መካች ልታይ የምትመጣ እናቱ ብቻ ናት» አሏቸው።

«ወርዋሪው መሬት ላይ ተዘርሮ ቀላቢው ምን ሊቀልብ ነው? ዝንብ?»

አቶ ክሩ «አንተ ሰውዬ፣ ቁጭ ብለህ ብትናገር ምናለ?» አሉ።

«ቁጭ ካልኩ ቀላቢ ትመርጣላችሁ።»

ሁለት ደቂቃ ሲቀር ግራ መካቹ ድዋይት ኦበርማየር ተመረጠ። ቁመቱ የበር መቃን የሚያስጎነብስ፣ እግሩ የዳንሰኛ ነበር። በክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ አጨበጨቡ፤ እጅ ተጨባበጡ፤ ያው በቀኝ እጅ።

በሴፕቴምበር፣ በመጀመሪያው ጨዋታ እሑድ፣ ወይዘሮ ዴሎረስ ሹራብ እየሠሩ ከባለቤታቸው ጋር ቴሌቪዥን ያዩ ነበር።

«ካዝ፣ ይሄ ወርዋሪያችሁ በየትኛው እጁ ነው የሚወረውረው?»

«ሮይስ? በግራው።»

«እና ጀርባው የሚቀረው ወዴት ነው?»

አቶ ካዚሚር ከወንበራቸው ተነሡ። ሌላውን ሰው ግራ ይገባዋል፤ እሳቸው ግን በአርባ ሦስት ዓመታቸው ቀኝ ገባቸው። ሮይስ ቲለሪ ቡድኑን ከተቀላቀለ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ግራኝነቱን ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ነገር ግን «ግራው ይቀድማል» ማለት ከአፋቸው እንደ ጸሎት ስለሚወጣ፣ ጸሎት ደግሞ ማንም ቆም ብሎ ስለማይመረምረው፣ መጠበቅ የነበረበት ቀኝ ጎን ባዶውን ቀርቷል። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ጨዋታ ተቀምጠው አይተው አያውቁም።

በማግስቱ ለአሰልጣኙ ነገሯቸው። ኦበርማየርን ወደ ቀኝ አሻግረው ቢሞክሩት ጫማው የተቀያየረበት ሰው መሰለ። አሰልጣኙም «ይሄ ሮይስ ጆሮ እንዳይደርስ። ከሰማ እየፈራ ነው የሚጫወተው» አሉ። አቶ ካዚሚርም ለሮይስ አልነገሩትም። ኦክቶበር 21 ቀን፣ በሦስተኛው ሩብ ሰዓት፣ ሮይስ ቲለሪ እጁን ወደ ኋላ እንደሳበ በቀኝ በኩል የመጣ ተጫዋች ጉልበቱ ላይ ወደቀበት። ዳግመኛ አልተጫወተም። በዚያ ደቂቃ ኦበርማየር በግራ በኩል የተመደበለትን ሰው አንድ ስንዝር አላሳለፈውም ነበር።

አቶ ካዚሚር እስከ 2003 ጡረታቸው ድረስ በሥራቸው ቀጥለዋል። ስለ ማንኛውም ሰው ሲነገራቸው አስቀድመው የሚጠይቁት «በየትኛው እጁ ነው?» ብለው ነው፤ አዲስ ቄስ ሲሾም ሳይቀር። አቶ ሮይስ ቲለሪ በበኩላቸው ከተማውን አልለቀቁም። በፓሬድ ጎዳና መኪና መንጃ ማሠልጠኛ ከፍተው በመስታወት የማይታየው ጎን የቱ እንደሆነ ለከተማው ልጆች ሲያስተምሩ ኖሩ። አጠገባቸው ዳቦ ቤት አለ። አቶ ካዚሚር ከዚያ ዳቦ ቤት ሌላ ዳቦ አይበሉም፤ በማሠልጠኛው ደጅ ግን ማለፍ አልሆነላቸውም። ስለዚህ በየጠዋቱ አራት መንገድ ዞረው በጓሮ ይገቡ ነበር። በዝናብም፣ በሐይቁ በረዶም ዞረዋል። ቤተሰቡ ለጤናቸው ብለው የሚሄዱ ይመስለው ነበር።

በኖቬምበር 2021 ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሁለቱም ዓይኖቻቸው በቀኝ በኩል ያለውን ማየት አቆሙ። ሐኪሙ መንዳት ከለከሏቸው። ሳምንት ሳይሞላ «ማሠልጠኛው ጋ ውሰጂኝ» ብለው ባለቤታቸውን አዘዟቸው፤ እንደ ወይዘሮ ዴሎረስ ምስክርነት በመንገድ ላይ የመኪናውን በር ሦስት ጊዜ ሊከፍቱ ሞክረዋል።

አቶ ሮይስ የሐኪሙን ወረቀት አይተው «ሚስተር ብሮዳ፣ አልዋሽዎትም፤ በዚህ ዓይን አይነዱም» አሏቸው።

«ልነዳ አልመጣሁም። በሰማንያ አራት ግራ መካቹን ያስመረጥኩት እኔ ነኝ። ግራኝ መሆንህን ረስቼ።»

አቶ ሮይስ ወረቀቱን መለሱላቸው። «እኔ አልረሳሁትም ነበር እኮ። ምርጫውን እናቴ ቤት ሆኜ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። አማራሪ ነው እንዳትሉኝ።» ቀጥለውም፣ «ግን ሠላሳ ሰባት ዓመት፣ ካዝ? ዳቦ ቤቱ እኮ ከግድግዳዬ ማዶ ነው። በጓሮ ስትገባ በየቀኑ አይሃለሁ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም፤ ወንበር ሳቡላቸው። አቶ ካዚሚር አልተቀመጡም። ከዚያ ወዲህ ግን ሐሙስ ሐሙስ ሁለቱ በፊት ለፊቱ በር ገብተው ዳቦ ሲገዙ ይታዩ ነበር፤ አቶ ሮይስ እያነከሱ፣ ሁልጊዜ በአቶ ካዚሚር ቀኝ።

ባለፈው ክረምት ሕመሙ ሲጸናባቸው አቶ ካዚሚር የመጨረሻ ምርጫቸውን ጀመሩ። የስድስት አስከሬን ተሸካሚዎችን ስም በማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ሰቅለው ከአልጋ እየተነሡ ሲያቀያይሩ ከረሙ። ልጆቻቸው ቁመናቸው የሚያምረውን የልጅ ልጆች ከፊት ለማድረግ ቢጠይቁ «ለጌጥ ነው የምትመርጡት። የቤተ ክርስቲያኗ ደጃፍ አሥራ አንድ ደረጃ አለው፤ ሲወረድ ክብደቱ ከፊት ባለው ላይ ነው» ብለው ከለከሉ። የመጀመሪያው ምርጫቸው አቶ ሮይስ ቲለሪ ነበሩ። ራሳቸው ጠየቋቸው፤ «ትሸከመኛለህ?»

«በየትኛው ጉልበቴ?» አሉ አቶ ሮይስ። እሺም እንቢም ሳይሉ ዳቦውን አስቀምጠው ሄዱ። ከዚያ በኋላ አቶ ካዚሚር እንቅልፍ አልነበራቸውም፤ ያንን ማግኔት ማንሣትም፣ በሌላ መተካትም አልቻሉም።

አቶ ካዚሚር ብሮዳ በቤታቸው ሲታመሙ ቆይተው ማርች 11 ቀን 2024 በተወለዱ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው፣ ከወንበር ለመነሣት ሲሞክሩ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የአምሳ ሰባት ዓመት ባለቤታቸው ወይዘሮ ዴሎረስ፣ ልጆቻቸው ማርሴላ እና ጀራርድ፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸው እና በኦሃዮ የሚኖሩት ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ ቨርና ከኋላቸው ቀርተዋል። ቀኑ የጾም ዓርብ በመሆኑ ከቀብር በኋላ በሰፈሩ ክበብ የሚቀርበው ምሳ ዓሣ ነው።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል የአንደኛው ተሸካሚ ስም ገና ባዶ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት አቶ ሮይስ ደወሉ።

«ከኋላዬ ማን ነው ያለው?»

«ኦበርማየር» አልናቸው።

«በየትኛው በኩል?»

«በቀኝ።»

«አርባ ዓመት ዘገየ» አሉ፤ ከዚያም ቅዳሴው ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠየቁ።

ከማግኔቱ ሥር የአቶ ካዚሚር ብጣሽ ወረቀት ተገኝታለች፤ «ሮይስ፦ ቀኝ፣ ፊት። ከሣጥኑ በስተቀኝ የሚሄድ ሰው የሚይዘው በግራ እጁ ነው። በየትኛው እጁ እንደሆነ ጠይቄዋለሁ።»

አምላክ ነፍሳቸውን በቀኙ ያቁምልን። ያስቀምጥልን አላልንም፤ አይቀመጡም።