የጥር ነፋስ በየካቲት

ሰኞ፣ የካቲት 2። ጠዋት

ደብተሬ፣ ዛሬም ያው። ቢሮ ገባሁ፣ የጣናን የነፋስ ካርታ አወጣሁ፣ ለጀልባ ባለቤቶች በቴሌግራም ላክሁ። "ጸጥ ያለ" ይላል። የግቢው ባሕር ዛፍ ግን ይጎብጣል። ትናንትም ጸጥ፣ ከትናንት ወዲያም ጸጥ። ምን ጉድ ነው?

ከሰዓት። አገኘሁት። ሁለት ፕሮግራም አለን። አንዱ በዩኒክስ አካሄድ የሚሠራው ጥቁር መስኮት፤ የነፋሱን መረጃ አውርዶ /tmp በሚባል ጊዜያዊ ማኖሪያ ያስቀምጣል። ሌላው ካርታ ሠሪው፣ አሁን በዊንዶውስ የሚሠራው፤ እሱም ከ /tmp አንብብ ተብሏል። በአሮጌው ሊኑክስ ኮምፒውተር ይህ አንድ ቦታ ነበር። በአዲሱ ግን ዊንዶውሱ C:\tmp ነው ብሎ ይረዳዋል፣ ጥቁሩ መስኮት ሌላ ጓዳ ይወስደዋል። ስሙ አንድ፣ ቤቱ ሁለት።

ካርታ ሠሪው ፋይሉን ሲያጣ ስህተት ብሎ ይጮህ ነበር፤ ያም ደግ ነበር። አዲሱን ኮምፒውተር በጥር የተከለው ባለሙያ ግን ጩኸቱ ሲሰለቸው C:\tmp የሚል ፎልደር በእጁ ከፍቶ የዚያን ቀን ፋይል ገለበጠበት። ዝም እንዲልለት። ይኸው እስከ ዛሬ የጥርን ነፋስ እልካለሁ።

ማክሰኞ 3

ለአለቃዬ ለአቶ ሙ. ነገርኋቸው። የሚሠራ ነገር አትንኪ አሉ፤ ሐሙስ ካርታውን የሚያይ እንግዳ አለ። መንገዱን ወደ ዊንዶውስ አጻጻፍ የሚቀይር አንድ መስመር ነው አልሁ። አንድ መስመር ስንቱን አፍርሷል አሉ። ውሌ በዚህ ወር እንደሚያልቅም አስታወሱኝ፣ ፈገግ ብለው። ፕሮግራሙን የሚከፍተውን የይለፍ ቃል ቀየሩት። ማስተካከል አልችልም፣ መላክ ግን ግዴታዬ ነው።

ረቡዕ 4

አባቴ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ድሮ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ዳር ቆመው ውኃውን ሳያዩ መረብ አይጭኑም ነበር። አሁን ስልካቸውን ያያሉ። ልጄ ልካለች ይላሉ ለሰፈሩ ሁሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው። ነገ ይቅሩ አልኋቸው። ሳቁብኝ፤ አንቺው ጸጥ ነው ብለሽ የለ እንዴ አሉ። ምክንያቱን ብነግራቸው አቶ ሙ. ጆሮ ይደርሳል። ብናገር እንጀራዬ፣ ዝም ብል አባቴ። ዝም አልሁ።

ሐሙስ 5። ማምሻ

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ካርታው ግድግዳ ላይ፣ ጸጥ ያለ።

9 ሰዓት ላይ ስልክ። የጎረቤታችን የሰይድ ጀልባ ዘጌ አጠገብ ተገለበጠ። ዋኝቶ ወጣ፣ አልሐምዱሊላህ። ጀልባው የለም። ሰዉ በእኔ ሲያጉረመርም አባቴ ተቆጡ አሉ። ነፋስ የአላህ ነው፣ ልጄ አትዋሽም ብለው።

ዓርብ 6። ንጋት

አልልክም። በቃ። ቴሌግራሙ ላይ ጻፍሁ፦ ከጥር ወዲህ የላክሁት ሁሉ ያረጀ ነው፣ አትመኑት፣ ውኃውን ራሳችሁ እዩ። ስሜንም ጻፍሁበት። ውሉን እንደፈለጉ ያድርጉት።

በሩ ጮኸ። አባቴ መረባቸውን ተሸክመው ወጡ። ስልካቸው እዚሁ መደቡ ላይ ነው፣ አላዩትም። ትናንት የላክሁትን አምነው ነው የሚሄዱት። ነጠላዬን ልያዝ፣ ውኃው ሳይገቡ ልድረስባ…