ሌዝቢያን ጥናትን በስሙ የጠሩት የዶክተር እየሩስ ገሠሠ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር እየሩስ ገሠሠ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገሠሠ ኪዳነ ማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስጦታ ቢራራ በ1952 ዓ.ም. በድብ ባሕር ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ከአባታቸው ዘንድ ነው። ዳዊት ደግመው ሲጨርሱ «ምነው ወንድ በሆነች» ያለውን ሰው እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም። ቂመኛ ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ ነገር የሚይዙ ሰው ነበሩ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዳባት፣ ሁለተኛ ደረጃውን በጎንደር ተከታትለው አዲስ አበባ በሥነ ጽሑፍ ተመረቁ። ለዓመታት አማርኛ ካስተማሩ በኋላ በ1988 ዓ.ም. ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። እዚያም ሴትን የሚያፈቅሩ ሴቶችን ታሪክ፣ ኑሮና ጽሑፍ የሚመረምረውን ሌዝቢያን ጥናትን አገኙ። ዶክትሬታቸውን በዚሁ ሠርተው እዚያው እስከ 2012 ዓ.ም. አስተማሩት።

ይህን ለቀብራቸው ጽፌ የማነብላችሁ እኔ ነኝ። የሟች ወንድም የሆኑት አባቴ ቄስ ላቀው «ልጄ ማርያማዊት፣ የሴቶች ጥናት በይና እለፊው፤ ሰው ምን ይለናል?» ብለውኛል። አክስቴ ይህንኑ ምክር ከዩኒቨርሲቲ ምሁራንም አፍ ሰምተውታል። ትምህርቱ በሌላው ዓለም ሲጀመር ጥቂት መምህራን በፈቃዳቸው ከሥራ ሰዓት ውጭ ያስተምሩት ነበር። ኋላ የራሱ መጽሔትና የራሱ ጉባኤ ኖረው። ከዚያ በየቦታው ከሴቶች ጥናት፣ ቀጥሎም ከሥርዓተ ጾታ ጥናት ጋር እየተጣመረ ሄደ፤ በአክስቴ ትምህርት ክፍልም ስሙ ከመርሐ ግብሩ ወጣ። ባልደረቦቻቸው ሰፋ ያለው ስም ይሻላል አሉ። እርሳቸው ግን ስሙ ሲወጣ ሴቶቹም አብረው ይወጣሉ ብለው ተከራከሩ፤ ተሸነፉም። ጡረታ ሲወጡ ወንበራቸውን የተረከበ አልነበረም። የጥናቱ ነገ እንቅልፍ ይነሳቸው ነበር። ካስተማሯቸው አንዳንዶቹ በየአገሩ ቀጥለውበታል፤ ይብቃ አይብቃ እንጃ።

ዋናው ሥራቸው ስለ እኛው አገር ነው። በየክረምቱ እየመጡ ከደባርቅ እስከ ጊች ለቅሶ ደረሱ። ያለ ባል በአንድ ጎጆ ያረጁ ሁለት ሴቶች በየቀበሌው አይጠፉም። አንዷ ስትሞት በሕይወት ታሪኳ ላይ ወንድም፣ እኅት፣ የእኅት ልጅ ይጠራል። አብራት ያረሰችውና ያስታመመቻት ሴት አትጠራም፤ ከጎረቤት ተርታ ቆማ ታለቅሳለች። አክስቴ ለምን ትዘለላለች ብለው ጠየቁ። ሁሉም ፍቅረኞች ነበሩ አላሉም፤ መጠየቁ ብቻ ብዙ በር ዘጋባቸው።

ዶክተር እየሩስ ትዳር አልያዙም፣ ልጅም አልወለዱም። በ2014 ዓ.ም. በጡት ካንሰር ታመው በሕክምናም በጠበልም ሲረዱ ቆይተው ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ደባርቅ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። አደራቸው አንድ ነበር፤ የጥናታቸው ስም በቀብራቸው ላይ ሳይሸፈን እንዲነበብ።

አደራው አስጨነቀኝ። ለሟች የማነበው ስም በሕይወት ያለ ሰው ላይ ጣት ያስቀስራል፤ ሕዝባችን የእርሳቸው ሰው ማን ናት ብሎ መፈለጉ አይቀርም። ስለዚህ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን ሰው ሄጄ ጠየቅኋቸው። «አንቺ ልጅ፣ ሥራዋን አንብቢላት። የኔን ስም ተዪው፤ እኔ ገና ነዋሪ ነኝ» አሉኝ። ይህን ያህል እንድናገርም የፈቀዱልኝ እርሳቸው ናቸው።

ዶክተር እየሩስ አንድ ወንድምና አምስት የወንድም ልጆች ትተዋል። ሌላም ሰው ትተዋል፤ እኒያ ሰው እዚህ ይኑሩ አይኑሩ አልነግራችሁም። እባካችሁ ዞራችሁ አትፈልጉ።

እግዚአብሔር የሟችን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ በሕይወት የቀሩትንም ከእኛ ይጠብቅልን። አሜን።