ሸርጣን የሌለበት ጭቃ

ለምትናፍቂኝ እናቴ ለወይዘሮ ሙሉወርቅ፤

እንደምን ከርመሽልኛል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ዓይንሽን መታከምሽ ረዳሽ ወይስ አሁንም ደብዳቤዬን የምታነብልሽ እህቴ ሰርካዲስ ናት? እኛ፣ እሱ ይመስገን፣ ደህና ነን። እኔም ያው ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል እየነዳሁ ነው።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ስንቴ ደውዬ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት መሰለሽ። ፈሪ ነኝ፣ ታውቂኛለሽ።

ባለፈው ወር የልጅ ልጅሽ አክሱማዊት ለኮሌጅ ጥናቷ ጋልቬስተን ባሕር ውሰደኝ አለችኝ፤ አምስት ሰዓት ነዳን። ሥራዋ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሸርጣን መቁጠር! ባሕሩ ሲሸሽ በሚቀረው ጭቃ ላይ አራት ማዕዘን ፍሬም ታስቀምጥና በውስጡ ስንት የሸርጣን ጉድጓድ እንዳለ ትጽፋለች። ስስቅባት ቆይቼ ወደ ውሃው ጠጋ ልበል ብዬ፣ አንድም ጉድጓድ የሌለበት ለጥ ያለ ቦታ መርጬ እግሬን ሳነሳ ጮኸችብኝ። ዳዲ ስቶፕ፣ እዛ እንዳትረግጥ አለች። ሸርጣን ያገኘበት አይሰፍርም፣ ጠንከር ያለውን ጭቃ መርጦ ነው የሚቆፍረው፤ በጣም የላላው ላይ ጉድጓዱ ስለሚናድበት ይተወዋል፣ ሶ እዛ ሰው ይሰምጣል አለችኝ።

እዚያው ቁጭ አልኩ እማዬ።

አሰብ ሳለን ትንሿ እህቴ ህይወት ባሕር የቀረች ዕለት፣ ሰርካዲስ ልጆቹን ትታ ከጓደኞቿ ጋር ስታወራ ነው ብለሽ ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመት ከእጇ ውሃ እየተቀበልሽ ፊቷን አታዪም። እውነቱ ሌላ ነው። ሰርካዲስ ከአጠገቧ እንዳንርቅ ተቆጥታን ነበር። ውሃው ጋ እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ህይወት አምስት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ስምንት። ሸርጣን ስለምትፈራ አልሄድም ብላ አለቀሰች። እኔም ሸርጣን የሌለበት መንገድ አገኘሁልሽ ብዬ ለጥ ያለውን ጭቃ አሳየኋት። ደስ ብሏት ቀድማኝ ሮጠች። እስከ ጉልበቷ፣ ከዚያ እስከ ወገቧ ስትገባ አየሁ። ውሃውም እየተመለሰ ነበር። ተሻገር፣ ተሻገር እያለች ስሜን ጠራች፤ አልተሻገርኩም። ቤት ሮጬ አልጋ ሥር ተደበቅሁ። ስትጠይቂኝ አላየሁም አልኩሽ።

ምነው አፈር በበላሁ! አሁን ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ ከኋላ ወንበር ስሜን የሚጠራኝ አለ። ዞሬ ሳላይ የሻትሉን በር መዝጋት አቅቶኛል።

ለአማቼ ለይርጉ ጤና ይስጥልኝ። ናኦድን ጉንጩን ሳሙልኝ። ለጎረቤታችን ለትዕግሥትም እንደምን አለሽ በሉልኝ።

ሰርኬ፣ እህቴ፣ ላንቺ ሰላምታ ለመላክ አፍ የለኝም። እዚህ ድረስ ስታነቢ ድምፅሽ ስንቴ እንደተቆረጠ ይሰማኛል። ለእናታችን አዝነሽ ዘለሽው ከሆነ ግን፣ በሞቴ፣ ወደ ላይ ተመለሺና ጮክ ብለሽ አንብቢላት። እማዬ፣ አንብባ ስትጨርስ ቀና በይና እያት።

ልጅሽ ተሻገር
ሌክ ሃይላንድስ፣ ዳላስ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.